ቆላው ሲደርቅ ወፉ ይበዛል

የካቲት አጋማሽ ላይ ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ረዥም ጭራ ያላቸው ሰማያዊ ወፎች ተራርቀው ተቀምጠው ይታያሉ። ሚኒባስ ሲያልፍ አይደነግጡም። አንዷ በድንገት ወደ መሬት ትወረወርና ከማሽላው ገለባ መሀል አንበጣ ይዛ ወደ ሽቦዋ ትመለሳለች። ተቀምጣ ሳለ ጀርባዋ ቡናማ፣ ደረቷ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ክንፏን ስትዘረጋ ግን ዓይን የሚይዝ ደማቅ ሰማያዊ ይገለጣል። ሳይንሳዊ ስሟም «አቢሲኒያ»ን ያነሣል፤ በዓለም የወፍ መጻሕፍት ሁሉ በዚሁ ትታወቃለች። ከተሳፋሪው ቀና ብሎ የሚያያት ግን ጥቂት ነው። በዚህ ወር የመንገደኛው ሐሳብ ሁሉ ጥላና ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ነው።

ለምዕራብ ጎንደር ቆላ የካቲትና መጋቢት የበጋው ማክተሚያ፣ የድርቀቱም ጫፍ ናቸው። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ሰሊጡ ከታጨደ ወራት አልፈዋል። ማሽላው ተወቅቶ ገብቷል፣ ጥጡም ተለቅሟል። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የወረዱት ሳሉጎች ወደየአገራቸው ተመልሰዋል። የዕጣን ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ቆሟል፤ መሬቱም ተሰነጣጥቋል።

ወፍ ለማየት ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። በክረምት በየሜዳው ተበትኖ የነበረው ውኃ አሁን በጥቂት ኩሬዎችና በየሰው ግቢ ተወስኗል፤ ወፉም ውኃውን ተከትሎ ተሰብስቧል። ቅጠል ስለሌለ የሚሸሸግበት ቦታ አነስተኛ ነው። በዚያ ላይ፣ የአውሮፓ ሰዎች መምጣታቸውን አይተው «ጸደይ ገባ» የሚሉላቸው ወፎች ብዙዎቹ ገና እዚሁ ናቸው። የኢትዮጵያ ጸደይ በመስከረም ከአደይ አበባ ጋር ይገባል፤ የሰሜኑ ጸደይ የሚጀምረው ደግሞ በመጋቢት ነው። ያ ጸደይ በሰሜን ከመታየቱ በፊት ስንቁን የሚቋጥረው ሱዳንን በሚያዋስነው በዚህ ቆላ ነው።

ግቢው ውስጥ

ለዚህ ጫካ መግባት አያስፈልግም። በመተማ ዮሐንስ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር የውኃ በርሜል ያለበት ማንኛውም ግቢ ይበቃል። በአህያ ጋሪ የመጣው ውኃ ከቢጫ ጄሪካን ወደ በርሜል ሲገለበጥ ጥቂቱ መፍሰሱ አይቀርም። ሰዎቹ ዞር ሲሉ ከአጥሩ ላይ ሁለት ትናንሽ ወፎች ዱብ ይላሉ። ወንዱ ከራሱ እስከ ደረቱ ቀይ፣ ምንቃሩም ቀላ ያለ ነው፤ ዓይኑን ቀጭን ቢጫ ቀለበት ከቦታል። ጠጋ ብሎ ላስተዋለ ደግሞ በደረቱ ጎንና ጎን እንደ መርፌ ጫፍ ያነሱ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ። ሴቷ አፈር የመሰለች ቡናማ ስትሆን ዓይኗና ምንቃሯ መካከል ብቻ ቀይ ጣል ብሎባታል። ከእግራቸው እስከ ራሳቸው የሰው ጣት ያህል ናቸው፤ ክብደታቸውም ከ10 ግራም አይዘልም።

እነዚህ ቀያዮች ከሰው መለየት አይወዱም። ጎጇቸውን በሣር ክዳን ውስጥ፣ በግድግዳ ስንጥቅና በአጥር እሾህ መካከል ይሠራሉ፤ ሲመገቡም ከሙቀጫው ሥር የተበተነውን ጥራጥሬ ይለቅማሉ። የማያውቁት ባለዕዳ ግን አላቸው። ሌላ አንዲት ትንሽ ወፍ፣ ወንዷ በመራቢያው ወቅት የሚያብረቀርቅ ጥቁር ላባ የሚለብስ፣ ጎጆ መሥራት የሚባል ነገር አታውቅም። እንቁላሏን የምትጥለው በእነዚህ ቀያይ ወፎች ጎጆ ውስጥ ነው። የእሷ ጫጩት አፉን ሲከፍት የላንቃው ነጠብጣብ ከባለቤቶቹ ጫጩቶች ጋር ስለሚመሳሰል አሳዳጊዎቹ ሳይለዩ ያጎርሱታል። ከባለቤቶቹ ልጆች ጋር አብሮ ያድጋል እንጂ ገፍትሮ አይጥላቸውም። ወንዱ ካደገ በኋላ የአሳዳጊ አባቱን ዜማ እየቀዳ ያዜማል፤ በዚያው ዓይነት ጎጆ ያደገች ሴትም ዜማውን ሰምታ ትመጣለች። በበጋ ይህን ጥቁር ልብሱን ስለሚያወልቅ ከተራ ድንቢጥ ለመለየት ያስቸግራል።

ከእነሱ ጎን የሰማይ ቀለም ያላቸው፣ ወንዱ ጉንጩ ላይ ክብ ቀይ ምልክት ያለበት ሌሎች ትናንሾች ይወርዳሉ። ዋኖሶችም ይከተላሉ። ማለዳውን ሙሉ የሚሰማው፣ የሚስቅ ሰው ድምፅ የሚመስለው ጉርምርምታ የእነሱ ነው።

ከፍ ብሎ ከማንጎው ወይም ከቁርቁራው ላይ የሚንጫጩት ደግሞ ሌሎች ናቸው፦ አረንጓዴ፣ ቀይ ምንቃር፣ ረዥም ጭራ ያላቸው በቀቀኖች። ወንዱ አንገቱ ላይ ጥቁርና ሮዝ ቀለበት አለው። የቁርቁራን ፍሬ ጥቂት ቀምሰው የቀረውን ወደ መሬት ስለሚጥሉ ከሥር ፍየሎች ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ይኸው ዝርያ ከቤት አምልጦ ወይም ተለቅቆ በለንደን መናፈሻዎች መራባት ከጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ በበረዶ ወቅት ሳይቀር በዚያች ከተማ በሺዎች ሆኖ ይኖራል። ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሱዳንና ኢትዮጵያ ባለው ቆላ ግን በቀቀኑ አገሬው ነው።

ሥጋ በሚሸጥበት ሰፈር ሰማዩ ጭላት አያጣም። ቢጫ ምንቃሯ ጭላት ከሥጋ ቤቱ ፊት የወደቀውን ቁራጭ ሳታርፍ ነጥቃ ትነሣለች፤ ጫጩት የሚያሳድጉ እናቶችም በደንብ ያውቋታል። ከእርዱ ቦታ አጠገብ በዛፍ ላይ አንገቱን ቀብሮ የሚጠብቀው፣ ራሱ ላባ የሌለውና ፊቱ ሮዝ የሆነው ትንሹ ጥንብ አንሳ ነው። ይህ ወፍ ለከተማው ሰው ከመለመዱ የተነሣ በምድር ላይ ካሉት ክፉኛ ለመጥፋት ከተቃረቡ ወፎች አንዱ መሆኑን ማመን ያስቸግራል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 እ.ኤ.አ. በርከት ያሉ የአፍሪካ ጥንብ አንሳዎችን ደረጃ በአንድ ጊዜ ሲያሽቆለቁል ይህም ከእነዚያ መካከል ነበር። ዋናው ገዳያቸው መርዝ ነው። ለጅብና ለውሻ በተመረዘ ሥጋ ዙሪያ ከሰማይ የሚወርዱት መጀመሪያ እነሱ ስለሆኑ በአንድ ሬሳ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ይሞታሉ።

ጭሱን ተከትሎ

ከቀትር በኋላ በአድማሱ ላይ ጭስ መታየቱ በዚህ ወቅት የተለመደ ነው። አንዱ ለእርሻ ሲመነጥር፣ ሌላው ለከብቱ ለምለም ሣር እንዲበቅል፣ ማር ቆራጩም ንቡን ሊያጨስ ያነደደው እሳት አምልጦ የደረቀውን ሣር ይዞት ይሄዳል። ሰው ከእሳት ሲሸሽ ወደ እሳቱ የሚገሰግሱ ወፎች አሉ።

ከሁሉ የሚያምረው ንብ በሊታ የሚባለው ቡድን ነው፤ በተለይም አካሉ የከረሜላ ቀይ፣ ራሱ አረንጓዴ ሰማያዊ፣ ከዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበትና ከጭራው መሀል ሁለት ረዣዥም ላባዎች የተዘረጉለት ዓይነት። ከነበልባሉ ፊት ፊት አንበጣው፣ ፌንጣውና ንቡ ሲነሣ እሱ ጭሱን እየሰነጠቀ ይቀልበዋል። ንብ ሲይዝ ወዲያው አይውጣትም። ከቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቷን ደጋግሞ ይመታል፣ ቀጥሎም ኋላዋን ከእንጨቱ ጋር እያሸ መርዟን ጨምቆ ካወጣ በኋላ ነው የሚበላት። እሳት በሌለበት ቀን ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው፦ በግመል፣ በፍየልና በከብት ጀርባ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። እንስሳው በሣሩ ሲራመድ የሚያስነሣውን ነፍሳት ከዚያው ብድግ እያለ ይለቅማል።

መጋቢትን የሚፈልግበትም ምክንያት አለው። የሚራባው በወንዝ ዳር ቀጥ ብሎ በቆመ የደለል ገደል ውስጥ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ ዋሻ በምንቃሩ ቆፍሮ ነው። አንድ መንደር ሲመሠርት በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ሆኖ ነው። ወንዙ ሙሉ ሲሆን ገደሉ በጎርፍ ይመታል፤ ስለዚህ ጫጩቶቹ ክረምቱ ሳይደርስ መብረር አለባቸው። ለሰው የውኃ እጥረት የሆነው ወር ለእሱ የቤት መሥሪያ ወር ነው።

እሳቱ ለወፍ ድግስ ብቻ ነው ማለት ግን አይደለም። በሣር ውስጥ መሬት ላይ የምትፈለፍለዋን ቆቅ እንቁላል ይዞ ይሄዳል። የዕጣን ዛፉን ችግኝም ያቃጥላል። ከመተማ የሚወጣው ዕጣን ለረዥም ዘመን የአካባቢው ገቢ ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. «ኔቸር ሰስቴይነቢሊቲ» በተባለው የምርምር መጽሔት የወጣ ጥናት ግን ይህ ዛፍ በእሳት፣ በግጦሽና ከልክ ባለፈ መድማት ምክንያት ለዐሥርት ዓመታት ራሱን በወጣት ዛፎች እንዳልተካ አሳይቷል። በዚሁ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችልም ገምቷል። ዛፉ ሲያረጅና ሲወድቅ በግንዱ ፍንክት የሚኖሩት ወፎች መኖሪያም አብሮ ይሄዳል።

ኩሬው ዳር

ሦስቱ የአካባቢው ወንዞች ሁሉም ወደ ሱዳን ይወርዳሉ። ጓንግ ድንበሩን ሲሻገር አትባራ ይባላል፤ ሽንፋ ራሃድ ይሆናል፤ አይማ ከዲንደር ጋር ይገናኛል። በክረምት የሚያስፈሩት እነዚህ ወንዞች በየካቲት ተቆራርጠው የኩሬ ሰንሰለት ይሆናሉ። አሸዋው ላይ የተረፈው ውኃ በየቀኑ ይጎድላል፤ ዓሣውም እየጠበበው ይሄዳል።

ጠዋት ጅግራዎች ተሰልፈው ይወርዳሉ። ከፊት የምትቀድመው ቆም ብላ ግራ ቀኝ ሳታይ አንዷም አትጠጣም። ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ በአየር ላይ ባለበት ክንፉን እያርገበገበ ቆይቶ በአፍ ጢሙ ይወረወራል። ክንፉ ላይ እሾህ ያለው፣ ጥቁር ደረትና ነጭ ጉንጭ ያለው ረዥም እግር ወፍ ሰው በቀረበ ቁጥር ይጮኻል፤ ሌሊትም ቢሆን ዝም አይልም፣ ከኩሬው አጠገብ ለሚያድር እረኛ ዘብ ይሆነዋል። ከራሱ ኋላ ጉትዬ ያለው ቡናማ ወፍ ደግሞ ለጎጆው መጠን የለውም፦ ከጭራሮ፣ ከሣርና ከጭቃ የሚሠራው ቤት ከአንድ ሜትር ተኩል ሊሰፋ ይችላል፤ ሰው ቢቆምበት የሚሸከምም አለ። ከብት ውኃ ሲጠጣ ነጫጭ ሳቢሳዎች ከእግሩ ሥር አይጠፉም።

የኩሬው ጥቅም ለወፍና ለከብት ብቻ እንዳልነበረ በቅርብ ተረጋግጧል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በ«ኔቸር» መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን መሪነት በሽንፋ ወንዝ አካባቢ «ሽንፋ መተማ 1» በተባለ ቦታ የተገኘውን ገልጿል። ከዛሬ 74 ሺህ ዓመት በፊት በኢንዶኔዥያ የቶባ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ እዚህ ድረስ ደርሷል፤ በዓይን የማይታዩት ብናኞቹም በሰዎቹ መኖሪያ አፈር ውስጥ ተገኝተዋል። ከፍንዳታው በኋላ አየሩ ይበልጥ ደረቅ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ይህን ያወቁት በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ዓይነት በመመርመር ነው። በዚያን ጊዜ የነበሩት ሰዎች ግን አካባቢውን ጥለው አልሄዱም። ወንዙ ሲቆራረጥ ወደ ኩሬዎቹ ቀርበው ዓሣ ማጥመዱን አበዙት። ዛሬ በየካቲት በሽንፋ ዳር ሽመላው፣ ዓሣ አጥማጁና ጉትያሙ የሚያደርጉት ያንኑ ነው። ሰጎኗ ብቻ ከአካባቢው ጠፍታለች።

ስንቅ የሚቋጥሩ እንግዶች

ከብቱ መሀል ከሳቢሳው ይልቅ በጣም የምታንስ፣ ደረቷ ቢጫ፣ ጭራዋን ያለማቋረጥ የምትወዘውዝ ወፍ አለች። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ግራም አትበልጥም። በጥቅምት ስትመጣ ደብዛዛ ነበረች፤ ከጥር ጀምሮ የድሮ ላባዋን እየጣለች አዲስ ስለምታበቅል በየካቲት መጨረሻ ቢጫዋ ይደምቃል። ይህ የመንገድ ልብሷ ነው። እንቁላል የምትጥለው ከአውሮፓና ከእስያ ሜዳዎች በአንዱ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ከሜዲትራኒያን በፊት ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለውን ሰሐራን ማቋረጥ አለባት።

በዚህ ምክንያት በየካቲትና በመጋቢት የሚበላው ምግብ ለዕለት ጉርስ ብቻ አይደለም። ከመነሣታቸው በፊት ባሉት ሳምንታት እንዲህ ያሉ ትናንሽ ወፎች ያለ ዕረፍት ይመገባሉ፤ በቆዳቸው ሥር ስብ ያከማቻሉ፣ አንዳንዶቹም ክብደታቸውን በእጥፍ ገደማ ይጨምራሉ። በረሃው ላይ የሚያቃጥሉት ነዳጅ ያ ስብ ነው። ከታጨደው ማሽላ ማሳ የተረፈው ትል፣ ዝንብና አንበጣ ወደ ስብ ካልተለወጠ መንገዱ መሀል ላይ ያልቃሉ።

ጨረባም አብራ ትሰናዳለች። ባለ ሹካ ጭራዋ ጨረባ በምሽት ከድንበሩ ማዶ ባለችው በገላባት በኩል በሽቦ ላይ ተደርድራ ትታያለች፤ ትንሽ ቆይታ በአውሮፓ በከብት በረት ጣሪያ ሥር ጭቃ ትለጥፋለች። የአውሮፓ ዋኖስም በዚህ ቆላ ግራር ላይ ታርፋለች፤ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የሳሕል ቀበቶ በጋውን ታሳልፋለች። ቁጥሯ ክፉኛ በመቀነሱ እሷም በ2015 እ.ኤ.አ. ለአደጋ ከተጋለጡት መዝገብ ገብታለች።

ነጩ ሽመላ ግን የሚጓዘው ሌላ ዓይነት ጉዞ ነው። አካሉ ከባድ ስለሆነ ክንፉን እያርገበገበ ሩቅ መሄድ አይችልም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ ወደ ላይ የሚነሣውን ሞቃት አየር እየተሳፈረ ከፍ ይላል፣ ከዚያም ክንፉን ዘርግቶ ይንሸራተታል። ባሕር ላይ እንዲህ ዓይነት አየር ስለማይነሣ ሜዲትራኒያንን አያቋርጥም። በምሥራቅ አፍሪካና በሱዳን የከረመው ሽመላ የአባይን ሸለቆ ተከትሎ በሲና በኩል ወደ እስራኤል፣ ከዚያም በቦስፎር ወሽመጥ ላይ አልፎ ወደ አውሮፓ ይገባል። በእስራኤል ሰማይ ላይ በአንድ ወቅት የሚያልፈው ግማሽ ሚሊዮን ይደርሳል።

በቡልጋሪያ ማርች 1 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 22፣ የአድዋ ድል በዓል ዋዜማ መሆኑ ነው፣ ሕፃን አዋቂ ሳይል ሁሉም ከቀይና ከነጭ ክር የተገመደ ጌጥ በእጁ ያስራል። ክሩ የሚፈታው የመጀመሪያው ሽመላ፣ የመጀመሪያዋ ጨረባ ወይም የመጀመሪያው ያበበ ዛፍ ሲታይ ነው። ይህ ልማድ በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ክሩ በሚታሰርበት ዕለት ከሚጠበቁት ሽመላዎች ብዙዎቹ ገና በሱዳን ሜዳዎች ላይ ናቸው፤ ከመተማ ጉብታዎች ባሻገር ባለው የገዳሪፍ ሰማይ እየዞሩ ከፍ የሚሉበት ሰሞንም ነው።

ግሪሳ

ወፍ ሁሉ ግን ለገበሬው ደስ የሚል እይታ አይደለም። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ «ወፍ መጣ» የሚለው ጩኸት የሚያመለክተው አንዷን ነው፦ ግሪሳን።

ግሪሳ ለብቻዋ ብትታይ ቀይ ምንቃር ያላት ተራ ድንቢጥ መሳይ ናት። በቁጥር ግን ከዓለም የዱር ወፎች ሁሉ በብዛት ቀዳሚዋ ሳትሆን አትቀርም፤ በአፍሪካ እስከ 1.5 ቢሊዮን እንደምትደርስ የሚገምቱ አሉ። አንዷ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች። አንድ ሚሊዮን ወፍ ያለበት መንጋ በዚህ ሒሳብ በቀን 100 ኩንታል ያጠፋል ማለት ነው። ማሽላው ጮርቃ ሆኖ ወተት ሲይዝ ከወረደችበት የገበሬው ቤተሰብ በሙሉ ይነቃነቃል። ልጆች ወፍ ሳይንጫጫ ማማ ላይ ይወጣሉ፤ ወንጭፍ ይወነጨፋል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ቆርቆሮ ይመታል። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻ ነው እጅ የሚያርፈው።

በየካቲት ግን ማሳው ባዶ ነው፤ ግሪሳ የት ሄደች? አብዛኛውን ጊዜ የምትኖረው በዱር ሣር ዘር ነው፤ ክረምቱ መሬት ላይ የረጨው ዘር በጋውን ሙሉ ይመግባታል። የሚቸግራት በረሃብ ወር ሳይሆን በመጀመሪያው ዝናብ ነው። ዝናቡ እንደጣለ መሬት ላይ ያለው ዘር ሁሉ ይበቅልና ምግቧ በአንድ ሳምንት ይጠፋል። ያኔ መንጋው ተነሥቶ ዝናብ ቀደም ብሎ ጥሎ አዲስ ሣር ዘር ወደ ያዘበት አገር ይሄዳል። ሣሩ እዚህም ፍሬ ሲይዝ ትመለሳለች፤ በግራር ጫካ ውስጥ በብዙ ሺህ ጎጆ ትራባለች። እንቁላል ከጣለችበት ቀን ጫጩቷ እስከምትበርበት አንድ ወር አይሞላም። የማሽላው እሸትም ብዙ ጊዜ ከዚያ ጋር ይገጥማል።

መንግሥት በአውሮፕላን የሚረጨው ፌንቲዮን የተባለው መድኃኒት ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትም ከአንበጣ ጎን ለጎን ይህን ሥራ ይሠራል። መድኃኒቱ በማታ መንጋው በሚያድርበት ቦታ ላይ ይረጫል። ችግሩ በማግሥቱ ይታያል፦ የሞተችውን ግሪሳ የሚበላ ጭልፊት፣ ጭላትና ጉጉትም ይመረዛል። ግሪሳን በነፃ ሲያድኑለት የነበሩትን ገበሬው አብሮ ያጣል።

እርኩም፣ እና የድሮ መንገደኞች

ከመንደር ራቅ ብሎ፣ እሳት ባለፈበት ጥቁር ሜዳ ላይ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር የሚደርስ ጥቁር ወፍ ሁለትና ሦስት ሆኖ በዝግታ ሲራመድ ይታያል። ይህ እርኩም ነው፤ በአንዳንድ አካባቢ አባ ጉምባ ይሉታል። የፊቱ ቆዳ ሰማያዊ ነው፤ የወንዱ ጉሮሮ ሥር ቀይ ይንጠለጠላል። መብረርን የሚመርጠው ሲጨንቀው ብቻ ነው፤ ያኔ በክንፉ ጫፍ ያለው ነጭ ይበራል። በእሳቱ የተጠበሰውን አንበጣ፣ እባብና ኤሊ እየፈለገ ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ጎሕ ሲቀድ የሚያሰማው ወፍራም ድምፅ ከሩቅ ይደርሳል። በትልልቅ ዛፎች ጉድጓድ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳድገው አንዱን ጫጩት ብቻ ነው። ትልልቅ ዛፎች ሲመነጠሩ ምትክ አያገኝም። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለአደጋ ከተጋለጡት ተመድቧል።

ስሙን በአማርኛው ለአውሮፓ አንባቢ ያደረሰው ጄምስ ብሩስ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ከጎንደር ተነሥቶ በ1764 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ሲወጣ ያለፈው ራስ ኤል ፊል በሚባለው አውራጃ፣ በዛሬው የመተማ ምድር ነበር፤ ከዚያ የወጣውም በመጋቢት ነው። በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የተፈጥሮ ታሪክ ክፍል ስለ እርኩም ሲጽፍ፣ በራስ ኤል ፊልና በስናር ወሰን ያሉ ሰዎች የዕድል ወፍ ብለው እንደሚጠሩትም አስፍሯል።

ከእሱ በኋላም የመተማ በር ለወፍ አጥኚዎች ክፍት ነበር። ጀርመናዊው ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን በካርቱም የኦስትሪያ ምክትል ቆንስል ከነበረው ከኮንስታንቲን ራይትስ ጋር በ1845 ዓ.ም. ገደማ ከሱዳን በዚሁ በኩል ወደ ጎንደር ወጣ። ራይትስ ከጉዞው ሲመለስ በሱዳን ዶካ በሕመም ሞተ፤ ሆይግሊን ግን ቀጥሎ ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፎች እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ግዙፍ ሥራ አዘጋጀ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከርም የአትባራን ገባሮች ሲያስስ በ1854 ዓ.ም. በዚህ አልፏል። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ከወደቁ በኋላ ግን የመተማ ስም በአብዛኛው ከጦርነት ጋር ተያይዞ ቀርቷል።

ዛሬ ለወፎቹ የቀረው ትልቁ መሸሸጊያ በቋራ ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሲቋቋም 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተከልሏል። በምዕራብ በኩል በ1935 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመው ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር ይገጥማል፤ ሽመሉ፣ ግራሩና የወንዝ ዳር ጫካው ከወዲያ ወዲህ የተቀጣጠለ ነው። በበጋ ከሱዳን በኩል የፈላታ አርቢዎች እጅግ ብዙ ከብት እየነዱ ይገባሉ፤ እሳቱም ሣሩን ይበላዋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሱዳን ጦርነት ውስጥ ስትገባ መተማ የስደተኞች መግቢያ በር ሆናለች፤ ከውስጥም ያለው ግጭት ተደርቦበት መንገዱ እንደ ድሮው አልሆነም። የወፍ ተመልካች ቡድን ወደዚህ ለማምጣት የሚያስብ አስጎብኚ አሁን ማግኘት ይከብዳል።

ሰላም በነበረበት ጊዜም ቢሆን ጎብኚ ብዙም አልነበረም። ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ ይገኝባታል፤ ከውጭ የሚመጡት ወፍ ተመልካቾች ግን የሚፈልጉት በሌላ አገር የማይታየውን ነው፤ ስለዚህ ባሌን፣ ያቤሎን፣ አዋሽንና ቢሾፍቱን ይዞራሉ። የመተማ ወፎች ከሴኔጋል እስከ ቀይ ባሕር ባለው ቆላ የሚገኙ ናቸው። ለአገሬው የተለመዱ፣ ለጎብኚውም ብርቅ ያልሆኑ በመሆናቸው መዝጋቢ አጡ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተዳድረው «ኢበርድ» የተባለው መዝገብ የማንንም ሰው እይታ ከቀንና ከቦታ ጋር በስልክ ይቀበላል። ለመምህርም፣ ለፓርክ ጥበቃም፣ ለእርሻ ባለሙያም የሚያስፈልገው መነጽርና ትዕግሥት ነው።

ለመጀመር የሚቀለው ወፍ የዝናብ ሽመላ ነው። ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ ከነጩ ሽመላ ያነሰ፣ ፊቱ ሰማያዊ የሆነው ይህ ወፍ በ1823 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም ሲወጣለት አብዲም በተባለው በሱዳን የቱርክ ገዢ ስም ተሰይሟል። ወፉ በጋውን በደቡባዊ የአፍሪካ ክፍል ከርሞ የመጀመሪያው ደመና ሲያንዣብብ ወደ ሱዳንና ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ ይመለሳል፤ ጎጆውንም በመንደር ዛፍ ላይና በሣር ቤት አናት ላይ ይሠራል። አንበጣና ተምች ስለሚበላ የሚነካው የለም። እሱ ሲመጣ ቢጫ ደረቷ ወፍ ሄዳለች፤ ትራክተሩም ሰሊጥ ለመዝራት እየተሰናዳ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ በገንዳ ውኃ፣ በኮኪት፣ በሽንፋና በገለጉ የመጀመሪያው የዝናብ ሽመላ የታየበት ቀንና የመጀመሪያው ዝናብ የጣለበት ቀን በየዓመቱ ጎን ለጎን ቢመዘገቡ፣ ለወፍ ተመራማሪው ብቻ ሳይሆን ዘሩን መቼ እንደሚዘራ ለሚጨነቀው ገበሬም የሚያመሳክርበት ሰነድ ይሆነዋል።